ቤት ያፈራው ስንት ያወጣል? የላፍቶ ጓሮና የእኛ ገበያ

የዕለቱን ዋጋ እንደተለመደው ማታ እንለጥፋለን። እስከዚያው ዋጋውን ከታች ሆኖ ስለሚገፋው ሰው፣ ማለትም ስለ ከተማው ቤተሰብ ትንሽ እናውራ። ዩኒየኑም ነጋዴውም የሚሸጠው ለዚህ ሰው ነው። ላኪው እንኳ ባይሸጥለት፣ ምርቱን የሚሻማው ከእሱ ጋር ነው።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ከላፍቶ እስከ ሃና ማርያም፣ ከጀሞ እስከ ለቡ፣ ግቢ ባላቸው ቤቶች ዞር ዞር ያለ ሰው የዶሮ ቤት፣ በጆንያ የተተከለ ጎመን፣ በአሮጌ ጎማ ውስጥ የበቀለ ቆስጣ ያያል። ወር ሲደርስ ከደሞዙ ቀንሶ ባንክ ይከት የነበረ ቤተሰብ ያንኑ ብር ለጫጩት፣ ለመኖና ለኩንታል ጤፍ ማዋል ጀምሯል። “ብሩ ቁጭ ብሎ ምን ይሠራል?” የሚለው ጥያቄ እቁብ ላይም እድር ላይም የሚነሳ ጥያቄ ሆኗል።

ብዙዎቻችን ይህንን ስናይ “እነዚህ ሰዎች ከገበያ እየወጡ ነው” እንላለን። እኔ እንደዛ አላየውም። እንቁላል መግዛት የተወ ቤተሰብ በቆሎና ፋጉሎ መግዛት ይጀምራል። ዱቄት በኪሎ መግዛት የተወ ቤተሰብ ጤፍ በኩንታል ይገዛል። ያው ሸማች ነው፤ ከችርቻሮው ጠረጴዛ ተነስቶ ወደ እኛ ወደ ጅምላው ጠጋ አለ እንጂ የትም አልሄደም። ከደብተሩ ያወጣው ብር ደግሞ ዩኒየኖች በየመኸሩ “መግዣ አጠረን” እያሉ የሚፈልጉት ዓይነት ብር ነው። ዛሬ የምጽፈው እነዚህን ሁለቱን ስለማገናኘት ነው።

📌 ብሩ ለምን ከደብተር ወጣ?

ሂሳቡ ቀላል ነው። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ያሳደገው በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ፍጥነት 100 ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር ይወስዳል፤ ያኔ በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 130 ብር ደርሷል። በእጁ የቀረው የመግዛት አቅም 82 ብር ገደማ ነው ማለት ነው። ቆጥቦ 18 ብር ከሰረ።

ከዚያ ወዲህ ንረቱ ቀንሷል፤ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ወደ 14 በመቶ አካባቢ ወርዷል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ አንክድም። ግን ሁለት ነገር እንዳንረሳ። አንደኛ፣ ንረት ቀነሰ ማለት የጭማሪው ፍጥነት ቀነሰ ማለት እንጂ ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ በ14 በመቶም ቢሆን የ7 በመቶ ቆጣቢ ከእያንዳንዱ 100 ብር ወደ 6 ብር የሚጠጋ አቅም ያጣል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 ብርን አልፎ፣ በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ደረሰ። ላኪዎች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ፤ እፎይ ያላችሁም ነበራችሁ። ብሯን በደብተር የያዘች እናት ግን ከዚያ እፎይታ ምንም አልደረሳትም። ስለዚህ ብሩን ወደ ዕቃ መቀየር ጀመረች። ወርቅ ወይም መሬት የሚገዛ አቅም የላትም። የምትችለው ጤፍ፣ በርበሬ፣ ዶሮ ነው።

መንግሥትም ቢሆን ይህን መንገድ ሲገፋ ነበር። በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ የሆነው “የሌማት ትሩፋት” ወተት፣ እንቁላል፣ የዶሮ ሥጋ፣ ማርና ዓሣ ላይ ያተኮረ ነው። አዲስ አበባም የአርሶ አደርና ከተማ ግብርና ልማት ኮሚሽን አላት። ግን እውነቱን ለመናገር፣ መፈክር ብቻውን ቤተሰብን ዶሮ አያስረባም። ሂሳብ ነው የሚያስረባው። እስቲ ሂሳቡን እናስላው።

📌 አንድ ግቢ፣ አምስት ሰው፣ 12 ዶሮ

አምስት ሰው የሚኖርበትና 12 እንቁላል ጣይ ዶሮ የያዘ ቤት ለምሳሌ እንውሰድ። አንድ ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። አሥራ ሁለቱ በወር 41 ኪሎ ገደማ ይጨርሳሉ። በደህና አያያዝ በቀን 9 እንቁላል ቢጥሉ በወር 270 እንቁላል ነው። በአማካይ አንድ ኪሎ መኖ ስድስት እንቁላል ተኩል ይሰጣል ማለት ነው።

ይቺን ቁጥር ያዙልኝ። የብሩ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር በብር አላሰላውም፤ በእንቁላል ላስላው።

🔹 አንድ ኪሎ መኖ የ3 እንቁላል ዋጋ ካወጣ፣ የወሩ መኖ 123 እንቁላል ነው። 147 ይተርፋል።
🔹 አንድ ኪሎ መኖ የ5 እንቁላል ዋጋ ካወጣ፣ የወሩ መኖ 205 እንቁላል ነው። 65 ብቻ ይተርፋል።
🔹 ስድስት ተኩል ከደረሰ፣ ዶሮዎቹ የሚሠሩት ለመኖ ነጋዴው ነው። ቤቱ በነፃ እያገለገለ ነው።

ከሚተርፈው ላይ ደግሞ የሚቀነስ አለ። የ45 ቀን ጫጩት የገዛ ሰው እንቁላል ለማየት ሦስት ወር ገደማ መጠበቅ አለበት። በዚያ ጊዜ እያንዳንዷ ጫጩት ከ6 እስከ 7 ኪሎ መኖ ትበላለች፤ አንድም ሳትጥል። ክትባት አለ፣ መድኃኒት አለ፣ የምትሞት አለች። ስለዚህ የእኔ መለኪያ እንዲህ ነው፦ ኪሎ መኖ ከ4 እንቁላል ዋጋ በታች እስከሆነ ድረስ ጓሮው ያዋጣል። ከ4 በላይ ሲሄድ የቤተሰቡ ልፋት ሳይከፈለው ይቀራል።

የራሳችሁን ሰፈር የመኖና የእንቁላል ዋጋ አስገብታችሁ አካፍሉት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

📌 ዶላሩ ዶሮ ቤት ድረስ ገብቷል

አሁን ይህን ከእኛ ገበያ ጋር እናገናኘው። የእንቁላል ጣይ መኖ ግማሽ ያህሉ በቆሎ ነው። ቀሪው የአኩሪ አተር ወይም የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ የኖራ ድንጋይ፣ ጨውና ከውጭ የሚመጣ የቫይታሚን ድብልቅ ነው።

ግቢ ካላቸው ቤቶች 1,000 ብቻ እንውሰድ፤ በየቤቱ 12 ዶሮ። በወር 410 ኩንታል መኖ ይፈልጋሉ። ይህ አንድ ሙሉ ተሳቢ ነው፤ በየወሩ። ከዚያ ውስጥ 200 ኩንታል ገደማው በቆሎ ነው። በከተማዋ ያሉ ግቢዎች ተደምረው ምን ያህል ተሳቢ እንደሚሆኑ እናንተ አስሉት። ይህ ፍላጎት በትልልቅ የዶሮ እርባታዎች ትዕዛዝ ውስጥ አይታይም። በአንድና በሁለት ኩንታል ተበታትኖ በየመኖ መሸጫው ነው ያለው። ስለማይታይ የለም ማለት አይደለም።

አኩሪ አተር ላኪዎች ደግሞ እዚህ ጋ ጠጋ በሉ። የውጭ ዋጋ ብቻ እያያችሁ የምትገዙ ከሆነ ግማሹን ገበያ ነው የምታዩት። ዘይት ጨማቂው ፋጉሎውን ለመኖ አቀነባባሪ በጥሩ ዋጋ ከሸጠ፣ ለአኩሪ አተሩ ከእናንተ የተሻለ ዋጋ መስጠት ይችላል። የመኖ አቀነባባሪው የሚሸጠው ደግሞ ለእነዚሁ ግቢዎች ነው። በተቃራኒውም ይሠራል፤ ዶላር ሲወጣ ላኪው በብር የሚሰጠው ዋጋ ይወጣል፣ አኩሪ አተሩ ይወደዳል፣ ፋጉሎው ይከተላል፣ መኖው ይከተላል፣ እንቁላሉም ይከተላል። የጀሞዋ እናት ዶላር በእጇ ይዛ ባታውቅም ዶሮዎቿ በዶላር ነው የሚበሉት።

“ራሴን ቻልኩ” የሚለው ቤተሰብም ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው። መኖውን ከገበያ እስከገዛ ድረስ የእንቁላል ዋጋ ሥጋቱን በበቆሎ ዋጋ ሥጋት ነው የለወጠው።

📌 ጤፍ፦ ከርሞም ኩንታል ነው

ወደ ጤፍ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። እዚህ ቤተሰቡ የሚያመርተው ነገር የለም። የሚያደርገው ጊዜውን መምረጥ ነው። ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል፣ ጥርና የካቲት ላይ ገበያው ይሞላል፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ድረስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይወጣል። በወር በወር 25 ኪሎ የሚገዛ ቤት ዓመቱን ሙሉ ውዱንም ርካሹንም ይከፍላል። ጥር ላይ ሁለት ኩንታል ያስገባ ቤት ግን ክረምቱን በጥር ዋጋ ይበላል።

ጤፍ ለዚህ የተፈጠረ እህል ነው። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ደረቅ ቦታ፣ ከወለልና ከግድግዳ ራቅ ብሎ እንጨት ላይ ከተቀመጠ ዓመታት ይቆያል። በቆሎ እንዲህ አይታመንም፤ አየር በማያስገባ ከረጢት ካልታሸገ በቀር ነቀዝ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ቤተሰቡ “የቁጠባ ደብተር” አድርጎ ቢይዘው የሚያዋጣው ጤፉን ነው። ብሩ በደብተር ከርሞ አቅሙ ይቀንሳል፤ ኩንታሉ ግን ከርሞም ኩንታል ነው።

ከኩንታሉ በላይ ደግሞ ሌላ ትርፍ አለ። እህሉን አበጥሮ፣ ወፍጮ ቤት ወስዶ፣ ቤት ውስጥ የሚጋግር ሰው የወፍጮውንና የመብራቱን ይከፍላል እንጂ የዱቄት ነጋዴውን፣ የጋጋሪዋንና የአከፋፋዩን ድርሻ አይከፍልም። በርበሬና ሽሮም እንደዛው ናቸው። እናቶቻችን በበጋ በርበሬ ቀንጥሰው፣ አስጥተው፣ አስፈጭተው ለዓመት ያስቀምጡ የነበረው ኋላ ቀር ስለሆኑ አልነበረም። ትርፉ የት እንዳለ ያውቁ ነበር።

ነጋዴዎች ከዚህ የምትወስዱት አንድ ነገር አለ። የከተማው ቤተሰብ ግዢ ወደ ጥር ከተሰበሰበ የጥር ዋጋ እንደ ድሮው አይወርድም፤ የክረምቱ ዋጋም እንደ ድሮው አይወጣም። “ነሐሴ ድረስ ልያዘው” ብሎ መጋዘን የሚሞላ ሰው ነሐሴ ላይ ገዢው በየቤቱ ጠግቦ ሊያገኘው ይችላል። ገና እዚያ አልደረስንም፤ አቅጣጫው ግን ወደዚያ ነው። ክምችታችሁን ከፋፍላችሁ ሽጡ።

📌 ጓሮ የማይችለው

ነገሩን እንዳናጋንነው ደግሞ ሌላውን ጎን እንይ።

የከተማዋ ትልቁ የአትክልት ገበያ ያለው እዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ጃንሜዳ ገብቶ፣ በ2013 ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ወደተሠራው ገበያ ተዛወረ። ደጁ ላይ የጅምላ ገበያ ያለው ሰው ሽንኩርትና ቲማቲም ጓሮ ላይ ተክሎ አያተርፍም። ከመቂና ከዝዋይ በመኪና የሚመጣውን በሦስት መደብ አይወዳደረውም። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ግን ይለያሉ፤ ቶሎ ይደርሳሉ፣ ቶሎ ይጠወልጋሉ፣ ሲቆረጡ እንደገና ያቆጠቁጣሉ። ጓሮ የሚያሸንፈው እነሱ ላይ ነው።

ውሃውም ጉዳይ ነው። መካኒሳና ላፍቶ አካባቢ በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት ማምረት የቆየ ሥራ ነው። ወንዙ ግን የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ የሚገባበት ስለሆነ ቅጠላ ቅጠሉ ከባድ ብረቶችን እንደሚይዝ ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። ለራሱ ልጆች የሚተክል ሰው በቧንቧ ወይም በዝናብ ውሃ ያጠጣ።

ቦታም አለ። 12 ዶሮ ከሁለት እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ካሬ ይበቃታል፤ ግን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው፣ ወይም አከራዩ “ዶሮ በግቢዬ አላይም” ያለው ተከራይ እሷንም አያገኝም። በዚህ ክፍለ ከተማ ያለው ሕዝብ ሁሉ ግቢ የለውም።

በሽታም አለ። ፈንግል ከገባ ያልተከተበ የዶሮ ቤት በቀናት ውስጥ ባዶ ሊሆን ይችላል። ባንክ ያለ ብር ይመነምናል እንጂ በአንድ ሳምንት ተጠራርጎ አያልቅም። ስለዚህ ለሕመም፣ ለትምህርት ቤት፣ ለድንገተኛ ነገር የሚሆን የሁለትና የሦስት ወር ወጪ ባንክ ይቀመጥ። ዶሮ ሌሊት ሆስፒታል አያስገባም። ወደ ዕቃ መቀየር ያለበት ከዚያ የተረፈው ነው።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ ኩባ ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መኖ ሲቋረጥባት የሃቫና ነዋሪዎች ባዶ ቦታዎችን ሁሉ አትክልት ተከሉባቸው፤ ከተማዋ ብዙውን ቅጠላ ቅጠሏን ራሷ ማምረት ቻለች። ስንዴውና ሩዙ ግን ከውጭ መግባቱ አልቀረም። ከተማ ጎመኗንና እንቁላሏን ልትችል ትችላለች። እህሏን ግን ከገበሬው ነው የምታገኘው። የዩኒየኖች ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

📌 የእህል እቁብ

እንደ ሉሜ አዳማና መርከብ ያሉ ዩኒየኖች የሚገጥማቸው ችግር የታወቀ ነው። ገበሬው መሸጥ በሚፈልግበት በታኅሣሥና በጥር መግዣ ብር ያጥራል። ብድሩ ዘግይቶ ይመጣል፤ እስኪመጣ ደላላው ምርቱን ከማሳ አንስቶታል። በሌላ በኩል ከመስከረም ጀምሮ “ጥር ላይ ጤፍ አስገባለሁ” ብሎ ብር የሚያጠራቅም ቤተሰብ አለ። ዩኒየኑ ብር ሲፈልግ ቤተሰቡ ብር አለው፤ ቤተሰቡ እህል ሲፈልግ ዩኒየኑ እህል አለው። የሚያገናኛቸው ነው የጠፋው። የእሁድ ገበያው ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን እሱ የሚያቀርበው በኪሎ ነው።

የምለው እንዲህ ነው። 200 ቤት በእድር ወይም በሸማቾች ማኅበር ይሰባሰብ፤ በየቤቱ ሁለት ኩንታል ይታዘዝ። ይህ 400 ኩንታል፣ አንድ ሙሉ ተሳቢ ነው። ከመስከረም እስከ ጥር በአምስት ወር ይከፈል። ብሩ ለዩኒየኑ አስቀድሞ አይሰጥ፤ ሰው ቅድሚያ ከፍሎ የተቃጠለበት ብዙ ነው። በዝግ ሂሳብ ይቀመጥና እህሉ መጋዘን ገብቶ፣ ተመዝኖ፣ ደረሰኙ በገዢዎቹ ስም የተቆረጠ ዕለት ይለቀቅ። የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት ሕግ ያለን ከአዋጅ ቁጥር 372/1996 ጀምሮ ነው። ሕጉን ለቡናና ለሰሊጥ ስንጠቀምበት ኖረናል፤ ለአንድ ሰፈር ጤፍ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

የሚያጣላው ዋጋው ብቻ አይሆንም፤ ጥራቱም ነው። “ማኛ ብለን ሰርገኛ መጣብን” የሚለው ነገር እንዳይኖር ውል ሲታሰር ናሙና ታሽጎ አንዱ እድሩ ጋ፣ አንዱ ዩኒየኑ ጋ ይቀመጥ። ዋጋውን በመስከረም መቁረጥ ለሁለቱም አደገኛ ነው። በጥር የአካባቢው የገበያ ዋጋ ላይ የታወቀ የአገልግሎት ክፍያ ቢታከል ገበሬውም አይጎዳም፣ ቤተሰቡም አይታለልም።

ለበቆሎና ለመኖም ያው ነው። መኖ የሚያቀነባብር ዩኒየን ለ1,000 ግቢ በየወሩ አንድ ተሳቢ መኖ በቀጥታ ቢያቀርብ ያ ኪሎ መኖ ከ4 እንቁላል በታች እንዲቆይ ማድረግ ይችላል። ቸርቻሪው በአንድ ኩንታል ላይ የሚያገኘውን ለሁለቱ ማካፈል ብቻ ይበቃል።

“ታዲያ እኛ ነጋዴዎችስ?” የምትሉ አላችሁ። ማጓጓዣው፣ ማበጠሩ፣ መጋዘኑ፣ መኖ ማቀነባበሩ የማን ሥራ ነው? የእናንተው ነው። የሚጠፋው እህሉን ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው አዛውሮ ዋጋ ብቻ የሚጨምረው እጅ ነው። አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ሥራ አያጣም።

ዩኒየኖች፣ የዘንድሮ ዕቅዳችሁን ስታወጡ ከትልልቅ ገዢዎቻችሁ ዝርዝር ሥር አንድ መስመር ጨምሩ፦ “የከተማ ቤተሰብ፣ በእድር በኩል”። በአንድ እድርና በአንድ ተሳቢ ሞክሩት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ።

በየሰፈራችሁ ኪሎ መኖ ስንት እንቁላል እንደሚያወጣ ከታች ጻፉልን። ከላፍቶ፣ ከጀሞ፣ ከሃና ማርያም፣ ከክልል ከተሞችም ጭምር። በቂ ምላሽ ከመጣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ከጤፍና ከበቆሎ ዋጋ ጎን እሱንም እንለጥፋለን።

መልካም ገበያ!